ሼፊልድ፦ የሰንጢ ስም የሚጠየቅባት ከተማ

በኛ አገር «ሰንጢ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ማጅራት መቺ ነው። እናት በልጇ ኪስ ውስጥ ሰንጢ ካገኘች ያ ልጅ ሳይመከር አያድርም። ስጋቱን አናቃልለውም። ይሁንና ይህችው ታጣፊ ስለት ብርቱካን የምትልጥ፣ እርሳስ የምትቀርጽ፣ ገመድ የምትቆርጥ፣ ከአባት ወደ ልጅ የምትተላለፍ የሥራ ዕቃም ናት። በልዩ ልዩ አገሮች አሮጌ ሰንጢዎችን እየሰበሰቡ ማን እንደሠራቸው፣ መቼ እንደተሠሩ፣ በምን መንገድ ገበያ ላይ እንደወጡ የሚመረምሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ምርመራቸውን ከየትም ይጀምሩ ከየት፣ ውሎ አድሮ ደጋግመው የሚያነቧት አንዲት የከተማ ስም አለች፤ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው ሼፊልድ። እኛም በዚህ ወር ጉዟችን ወደዚያው ዘልቀን ነበር። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።)

ከለንደን በባቡር የተነሣ ሰው ከሁለት ሰዓት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ሼፊልድ ይደርሳል። ከጣቢያው በር እንደወጣን ከፊታችን የተዘረጋው ነገር የከተማይቱን ማንነት ሳይጠየቅ ይናገራል። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ረጅም ጠማማ ግድግዳ ነው፤ ላዩ ላይ ውሃ ይፈስሳል፤ ጫፉ እንደ ስለት የሾለ ነው። የከተማይቱ ስም የተገኘው ሺፍ ከተባለው ወንዝ ሲሆን፣ ዶን፣ ሎክስሊ፣ ሪቭሊንና ፖርተር የሚባሉ ወንዞችም አሏት። ከኮረብታ በፍጥነት የሚወርደው ውሃ መንኮራኩር ያዞራል፤ ኮረብታው ደግሞ ለመሳያ የሚሆን አሸዋማ ድንጋይ ይሰጣል። ሼፊልድን የቢላዋ ከተማ ያደረጋት መጀመሪያ ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ አንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ሲተርክ ሰውዬው የሼፊልድ ቢላዋ ይዞ እንደነበር ጠቅሷል። እንግዲህ ዝናዋ ከ600 ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

በ1740ዎቹ ደግሞ ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ለሰዓቶቹ ሞላ የሚሆን፣ ውስጡ ወጥ የሆነ ብረት ሲፈልግ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ብረትን አቅልጦ የማጥራት ዘዴ አገኘ። እኛ በአማርኛ «አረብ ብረት» የምንለው ዓይነት ነው። (ስሙ ራሱ ዕቃው በየትኛው በር ወደ አገራችን እንደገባ ሳይጠቁም አይቀርም።) የሚያስገርመው፣ የከተማው ቢላዋ ሠሪዎች መጀመሪያ ላይ ብረቱ በጣም ጠነከረብን ብለው አልፈለጉትም ነበር ይባላል። ፈረንሳዮች እየገዙ የተሻለ ቢላዋ ሲሠሩበት ነው የነቁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ወደ ስሙ እንምጣ። በመሐል ከተማ፣ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ በ1832 የተሠራ ትልቅ አዳራሽ አለ። የሃላምሻየር ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር አዳራሽ ነው። ማኅበሩ በ1624 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከሥራዎቹ አንዱ እያንዳንዱ ሠሪ በስለቱ ላይ የሚመታውን ምልክት መመዝገብና መጠበቅ ነበር። መሪ ቃሉም በቅን ልቦና ወደ ስኬት መድረስ የሚል ነው። በዚያ ዘመን ማንበብ የማይችል ገዥ እንኳ የኮከብ፣ የመስቀል ወይም የመሰንቆ ዓይነት ሥዕል አይቶ የማን ሥራ እንደሆነ ይለያል። ምልክቱ የሠሪው ቃል ነው፤ ሌላ ሰው ሲመታው ደግሞ ውሸት ይሆናል።

በአዳራሹ ውስጥ የሚገኘውን 75 ስለቶች ያሉት «የኖርፎክ ሰንጢ» ሳንጠቅስ ብናልፍ የከተማው ሰዎች ይቀየሙናል። ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ የተባለው ኩባንያ በ1851 ለንደን ውስጥ ለተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ያሠራው ነው። እንደኛ አስተያየት ግን ይህ ሰንጢ የሚደነቅ እንጂ የሚወደድ ዕቃ አይደለም። ኪስ አይገባ፣ ብርቱካን አይልጥ!

ለመሆኑ ሰብሳቢዎቹ አንድን አሮጌ ሰንጢ እንዴት ነው የሚያነቡት? በአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኘናቸው አንድ ሻጭ አዛውንት በትዕግሥት አሳዩን። ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው መጀመሪያ የተመለከቱት የስለቱን ሥር ነው፤ ማለትም ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ያልተሳለ ክፍል። ስምና ምልክት የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ሮጀርስ ኮከብና የማልታ መስቀል ይመታ ነበር። ጆርጅ ዎስተንሆልም ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲነበብ «እበልጣለሁ» የሚል ድምፅ የሚሰጡ ሦስት ፊደላትን ይጠቀም ነበር። ከስሙ ጎን የነገሥታት ስም መጀመሪያ ፊደል ከዘውድ ጋር ካለም ዘመኑን ይጠቁማል። ለምሳሌ የንግሥት ቪክቶሪያ ፊደል ከሆነ፣ እሷ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 ስለሆነ ሰንጢው በዚያ መካከል ሳይሠራ አይቀርም ማለት ነው።

ሁለተኛው መረጃ የአገር ስም ነው። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አስገደደ። ስለዚህ «ኢንግላንድ» የሚል ቃል ያለበት የሼፊልድ ሰንጢ በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ቃሉ የሌለበት ሁሉ ግን የግድ ከዚያ በፊት የተሠራ አይደለም፤ ወደ አሜሪካ ያልተላከ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሰብሳቢዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ሦስተኛው «የማይዝግ» የሚለው ጽሑፍ ነው። የሼፊልዱ ተወላጅ ሃሪ ብሪርሊ የማይዝገውን ብረት ያገኘው በ1913 በመሆኑ፣ ያ ቃል የተመታበት ስለት ከዚያ ሊቀድም አይችልም።

ከዚያ አዛውንቱ ሰንጢውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉትና ከፈቱት፤ ዘጉትም። «ጥሩ ሰንጢ ይራመዳል፣ ይናገራልም» አሉን። መራመዱ ስለቱ ሳይንገጫገጭ መከፈቱ ነው። መናገሩ ደግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ በጀርባው ያለው ሞላ የሚያሰማው ጥርት ያለ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ነው። ድምፁ የደከመ ሰንጢ ሞላው ደክሟል፤ ወይም ሰው ፈትቶ ደግሞ ገጥሞታል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ አጭር ነው፤ በዚህ ገበያ ማጭበርበር የኖረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ሠሪዎች በርካሽ ዕቃቸው ላይ «ሼፊልድ» ብለው ይመቱ ነበር። የከተማው ሠሪዎች ጩኸት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ብሪታንያ በ1887 የንግድ ምልክት ሕግ አወጣች። «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ መጀመሪያ የመጣው እንግዲህ እንደ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በኋላ የጥራት መለያ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው። ከሮጀርስ ስም አንዲት ፊደል ጥለው ወይም ለውጠው የሚመቱም ነበሩ። ዛሬ ደግሞ የአንዱን አሮጌ ሰንጢ ስለት ከሌላው እጀታ ጋር ገጥሞ «አንድም አልተነካም» ብሎ የሚሸጥ አለ። ምልክቱ እውነተኛ ነው፤ ዕቃው ግን ሐሰት ነው። ስለዚህ እውነተኛ ተመራማሪ በማጉያ መነጽር ብቻ አይወሰንም። የድሮ የነጋዴዎች ማውጫዎችን፣ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦችንና የማኅበሩን የምልክት መዝገብ ያገላብጣል። ጄፍሪ ትዊዴል የተባሉት የታሪክ ምሁር ስለ ሼፊልድ ቢላዋ ሠሪ ኩባንያዎች ያዘጋጁት ማውጫ ዛሬ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው መነሻ ነው።

በሼፊልድ ያስተናገዱን ሐጂ የየመን ተወላጅ ናቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብዙ የመናውያን ወደዚህች ከተማ መጥተው አተርክሊፍ በሚባለው ሠፈር ባሉት የብረት ፋብሪካዎች ሙቀቱና ክብደቱ የበዛበትን ሥራ ሠርተዋል። በ1980ዎቹ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ብዙዎቹ ሥራ አጥ ሆኑ። ሐጂም ከነዚያ አንዱ ናቸው። ሰንጢ ፍለጋ መምጣታችንን ሲሰሙ ሳቁና ከኮታቸው ኪስ ባለ ቀንድ እጀታ አንዲት ትንሽ ሰንጢ አወጡ። እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባቸው ጡረታ ሲወጣ የሰጣቸው ናት። ለ40 ዓመት ያህል ፖምና ብርቱካን ልጠውባታል።

ማጉያ መነጽሩን ተውሰን ተመለከትናት። ከብዙ መሳልና መወልወል የተነሣ የስለቷ ሥር ለስልሶ ስሙ ጠፍቷል፤ የቀሩት «ሼፊልድ» የሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደላት ብቻ ናቸው። ለሰብሳቢ ዋጋ የላትም ለማለት አፍረን ዝም አልን። ሐጂ ግን ገብቷቸዋል። «ስሙን ለምን ፈለጋችሁት? የሰጠኝን ሰው ስም እኔ አውቀዋለሁ» አሉን።

ይህ ንግግራቸው በማግስቱ ወደ ፖርተር ወንዝ ስንወርድ አብሮን ነበር። ዋይትሊ ዉድስ በሚባለው ጫካ ውስጥ ሼፐርድ ዊል የተባለ በውሃ የሚሠራ የድሮ የመሳያ ቤት አለ። ሥራው በ1930ዎቹ ቆሞ ከኖረ በኋላ ታድሶ በ2012 ለጎብኚ ተከፍቷል። ትልቁ የውሃ መንኮራኩር ከውጭ ይዞራል፤ በውስጥ ጨለም ባለው ክፍል ደግሞ የመሳያ ድንጋዮቹ በተርታ ይታያሉ። ሞራጁ እንደ ኮርቻ ባለ እንጨት ላይ ተፈናጥጦ፣ ከሚሽከረከረው ድንጋይ በላይ አጎንብሶ፣ ስለቱን በሁለት እጁ ይጫናል። ፊቱ ከድንጋዩ የሚርቀው ከክንድ ባነሰ ነው። ግድግዳው ላይ የሚታየው ቢጫ ጭቃ ከድንጋዩና ከብረቱ የተፈጨ ነው። ጭቃው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ብናኙ የት ይገባ እንደነበር መገመት አያቅትም።

በ1840ዎቹ የከተማይቱ ሐኪሞች ይህን ጉዳይ ጽፈውታል። አገራችን በሌላ ምክንያት የምታውቀው ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፉ የሼፊልዱን ሐኪም የዶክተር ናይትን ቃል ጠቅሷል። በደረቅ ድንጋይ የሚሠሩት ሞራጆች አማካይ ዕድሜ 35 ዓመት እንኳ እምብዛም አይሞላም፤ ድንጋዩን በውሃ እያራሱ የሚሠሩት ደግሞ 45ን አልፎ አልፎ ነው የሚሻገሩት። ሹካ የሚስሉት በደረቅ ስለሚሠሩ የባሰው የነሱ ነበር። አብዛኛው የቢላዋ ሥራ በእርጥብ ድንጋይ ነው፤ ግን እርጥቡም አላዳነም። አንዳንዴም ድንጋዩ እየተሽከረከረ ይፈነዳና የተቀመጠበትን ሰው ይገድላል።

ከሁሉ ልብ የሚነካው ሌላ ነው። ብናኙን የሚቀንሱ መሣሪያዎች ሲቀርቡላቸው ከሞራጆቹ ብዙዎቹ አልተቀበሏቸውም። ዕድሜ ከረዘመ ሠራተኛ ይበዛል፤ ሠራተኛ ከበዛ ደመወዝ ይወርዳል፤ ልጆቻችን ምን ይበላሉ ይሉ ነበር። ሰውን እንዲህ እስኪያስብ ያደረሰው ክፉ ሰውነት ሳይሆን ድህነት መሆኑን ለማየት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ዛሬ ሰብሳቢዎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጧቸው ከዚያ ዘመን የተረፉ ሰንጢዎች በነዚህ ሰዎች እጅ ያለፉ ናቸው። በስለቱ ላይ ግን የማንኛቸውም ስም የለም።

ስለ እጀታው ደግሞ ጥቂት እንበል። ቀጭን የነሐስ ገበር በውስጥ አለ፤ በላዩ ላይ ቀንድ፣ አጥንት፣ እንጨት፣ የሚያብረቀርቅ የባሕር ዛጎል፣ ወይም የዝሆን ጥርስ በሚስማር ይያያዛል። የአጋዘን ቀንድ ከህንድ፣ የዝሆን ጥርስ በብዛት ከአህጉራችን ከአፍሪካ ይመጣ ነበር። ሮጀርስ የተከመረ የዝሆን ጥርስ የሞላበት መጋዘን ለጎብኚዎች እያሳየ ይኩራራ ነበር። ዛሬ ግን በብሪታንያ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ የዝሆን ጥርስ ንግድን በጥቅሉ ከልክሏል። ከተፈቀዱት ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ ከ1947 በፊት ተሠርቶ፣ ጥርሱ ከዕቃው መጠን 10 በመቶ ያልደረሰ ሲሆን ነው፤ እሱም ተመዝግቦ። ሰብሳቢዎች ያጉረመርማሉ። በበኩላችን ከሕጉ ጋር ነን፤ አሮጌውን መሸጥ ከተፈቀደ አዲሱን አሮጌ አስመስሎ የሚያመጣ አይጠፋምና።

ወላጆች የሚጠይቁትን የደኅንነት ጉዳይም አንዘነጋውም። በእንግሊዝ አገር በአደባባይ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.6 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ሲከፈትም የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ሰው ለመጉዳት ታስቦ ከተያዘ ወንጀል ነው። የእንግሊዝ ከተሞች በወጣቶች የስለት ጥቃት ብዙ እናቶችን አስለቅሰዋልና ፖሊስ ይህን በቀልድ አያይም። በአውሮፕላን ሲጓዙም ሰንጢ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መወሰድ አለበት። የሰብሳቢ ሰንጢ ቦታው ቤት ውስጥ፣ በመሳቢያ ነው።

አያያዙን በተመለከተ ሻጩ አዛውንት አጥብቀው የነገሩን፦ አትወልውሉ። ጥቁርና ግራጫ የሆነው የአሮጌ ስለት መልክ ጉዳት ሳይሆን ዕድሜ ነው፤ ተወልውሎ ያበራ ሰንጢ ምልክቱም ዋጋውም ይቀንሳል። ቀጭን ዘይት ብቻ ይቀቡት። በቆዳ ከረጢት ውስጥ ለብዙ ጊዜ አያቆዩት፤ ቆዳው የተለፋበት ኬሚካል ስለቱን ያዝጋል። ሴሉሎይድ ከሚባለው የድሮ ፕላስቲክ የተሠራ እጀታ ያለውን ደግሞ ለብቻው ያስቀምጡት። እያረጀ ሲሄድ የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያሉትን ጭምር ይበላል። አያትዎ የተዉልዎት ሰንጢ ቤት ውስጥ ካለ ይህን ምክር ከዛሬ ጀምሮ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የመጨረሻ ቀናችንን ያሳለፍነው በዶን ወንዝ ዳር በሚገኘው የኬልሃም አይላንድ ሙዚየም ነው። በ1982 የተከፈተ ሲሆን የኬን ሃውሊ ስብስብ የሚገኘው እዚያ ነው። ሃውሊ (1927–2014) የእጅ መሣሪያ ነጋዴ ነበሩ። ወርክሾፖች አንድ በአንድ ሲዘጉ ሌላው ሰው ቁራጭ ብረት ብሎ የሚጥለውን እሳቸው ይለቅሙ ነበር። ያለቀለትን ዕቃ ብቻ አልነበረም የሚሰበስቡት፤ የሠሪዎቹን መሣሪያ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ ያላለቀ ሥራም ጭምር ነው። ከብዙ ሰብሳቢዎች የሚለያቸው ይህ ነው፤ እኛም ከሁሉ በላይ ያደነቅነው ይህንኑ ነው።

በሼፊልድ በራሱ ትንሽ ክፍል፣ በራሱ መሣሪያ፣ ለማንም ሳይቀጠር የሚሠራ ባለ እጅ «ትንሹ ጌታ» ይባል ነበር። ከነዚህ ስመ ጥር የነበሩት ስታን ሾው በ1926 ተወልደው፣ በ14 ዓመታቸው ጆርጅ ኢበርሰን በተባለው ባለ ቫዮሊን ምልክት ኩባንያ ሥራ ጀምረው፣ በ2021 በ94 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው ከዚህ ሙያ ጋር ኖሯል። ሰንጢያቸውን ለማግኘት ሰው ለዓመታት ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በስለቱ ላይ የሚመቱትም በመጨረሻ የራሳቸውን ስም ነው። ዛሬም በከተማይቱ በእጅ ሰንጢ የሚሠሩ አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው።

አንድ ሰንጢ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ቁርጥራጮቹን በተርታ መመልከት ይበቃል። መጀመሪያ ጭፍን ያለ የአረብ ብረት ዘንግ፤ ቀጥሎ ቀጥቃጩ ጫፉን አግሎ ያሰፋው፤ ከዚያ ተቆርጦ የስለት ቅርጽ የያዘው። ቀጥቃጩ ብረቱ ገና ለስላሳ እያለ የጥፍር መክፈቻውን ጫረ፤ እዚያው ላይ የኩባንያውን ስም መታ። እሳት ገብቶ የሚጠነክረው ከዚህ በኋላ ነው። ወደ ሞራጁ የሚሄደውም ከዚህ በኋላ ነው። ሞራጁ ኮርቻው ላይ ተፈናጥጦ ስለቱን ሲቀበል ስሙ አስቀድሞ ተጽፏል።